የተቆጣ ደንበኛና የሚሳደብ ደንበኛ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአሸዋ ሜዳ፣ ከለገጣፎና ከጀሞ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ሰው በማስተናገድ እየኖሩ የሰው ቁጣና ስድብ መቀበል። የጠያቂዎቹን ሥራና ሰፈር ብቻ ጠቅሰን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ሲዘገይ የሚያጨበጭብ፣ «አንቺ!» እያለ የሚጮህ፣ አንዳንዴም የሚሳደብ አለ። ዝም ስል ይብስበታል። ስመልስ ደግሞ ባለቤቱ ይቆጣኛል። ምን ልበል?

መልስ፦ እህታችን፣ በምግቡ መዘግየት የተናደደውንና አንቺን የሚያዋርደውን ለይተሽ እያቸው። የተናደደው ይስተናገዳል፤ የሚያዋርደው ይቆማል። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው አስተናጋጇ የተናደደውን እንደ ተሳዳቢ ስትቆጥረው፣ ወይም ባለቤቱ ተሳዳቢውን «ደንበኛ ነው፣ ቻይው» ሲል ነው።

ከንዴቱ እንጀምር፤ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ኩሽና ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ ቤቱ ሙሉ ሽሮና በየዓይነቱ ሲያዝ፣ ምድጃ አይበቃም። ትዕዛዝ ከመቀበልሽ በፊት ስንት ቦኖ (የትዕዛዝ ወረቀት) እንደተሰለፈ እይ። ሽሮ ተጋቢኖ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ምድጃው በአንዴ ሦስት ሸክላ ከያዘና ከፊት ስድስት ቦኖ ካለ፣ አዲሱ ደንበኛ ሽሮውን የሚያየው ከ45 ደቂቃ በኋላ ነው። «አሁን ይደርሳል» የተባለ ሰው በ20ኛው ደቂቃ ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም። ይልቅ «ሽሮው 45 ደቂቃ ይቆያል፣ ፓስታ ግን በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ የቱ ይሁንልዎ?» በይው። የሚቸኩል ሰው ፓስታውን ያዛል፤ ሽሮ የመረጠውም አውቆ ስለመረጠ ይጠብቃል። ያልሽው ሰዓት ሊሞላ 5 ደቂቃ ሲቀረው ምግቡ እንደማይደርስ ካየሽ፣ ሳትጠሪ ሄደሽ ንገሪው። ተጠርተሽ የምትናገሪው ያው ቃል ሰበብ ይመስላል።

ስለ ጭብጨባ፦ ለብዙ ትልልቅ ሰዎች አስተናጋጅን አጨብጭቦ መጥራት የኖረ ልማድ ነው፤ ንቀት አድርገሽ አትውሰጂው። ወጣቱ ሲያጨበጭብ ግን ብዙ ጊዜ ስላልታየ ነው። ከኩሽና ስትመለሺ በአጭሩ መንገድ አትሂጂ፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል ዞረሽ፣ ቀና ብለሽ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየሽ እለፊ። እጅሽ ሞልቶ ከሆነ በአንገትሽ «አየሁህ» የሚል ምልክት ስጪ። ከሦስት ሰው አንዱ ለመጥራት የሚጮኸው አስተናጋጆቹ ካውንተር ጋ ተሰብስበው ስልክ ሲያዩ ነው ብንል ብዙ አናጋንንም።

አንዴ ተናዶ መጮህ ከጀመረ፣ እስኪጨርስ አታቋርጪው። ብዙዎች ካልተቋረጡ ግማሽ ደቂቃም አይቆዩ። ፊት ለፊት ተጋፍጠሽ አትቁሚ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሆነሽ፣ ድምፅሽን ከሱ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ፣ ያለውን በአጭሩ መልሰሽ ንገሪው፦ «ካዘዝን በኋላ 12 ሰው ገብቶ ቀድሞን በላ ነው የሚሉኝ፤ ልክ ነዎት፣ ያስቆጣል።» ቀጥለሽ የምታደርጊውንና ጊዜውን ንገሪው፦ «ኩሽና ገብቼ በ2 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይዤ እመጣለሁ።» በ2 ደቂቃ ውስጥም ተመለሺ፤ መልሱ መጥፎ ቢሆንም። ሄዶ የቀረ አስተናጋጅ ከዘገየ ምግብ ይልቅ ያናድዳል።

እሳቱን የሚያባብሱት ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ተረጋጋ» ማለት፣ የተቆጣ ሰው «አብደሃል» እንደተባለ ነው የሚሰማው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ኩሽናው ነው» ማለት፣ እሱ የሚያውቀው ቤቱን እንጂ የሥራ ክፍፍላችሁን አይደለም። ከድንጋጤ የሚመጣ ፈገግታም እንደ መሳለቅ ይታያል። «ፋዘር» እና «ማዘር» የሚሉትን ደግሞ ለታክሲው ተዪለት። 40 ዓመት ያልሞላት ሴት «ማዘር» ከተባለች ሽሮው ቀድሞ ቢደርስም አይጥማትም።

ከሁሉ የከፋው የጾም ስህተት ነው። ጾመኛ ቅቤ ያለው ሽሮ ሲቀርብለት የሚቆጣው በሃይማኖቱ ስለተነካበት ነው። «ቅቤ የለውም» ብለሽ አትሟገቺ፤ ሳህኑን ወዲያው አንሺ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ ኩሽና ገብተሽ አረጋግጪ። ቦኖው ላይ «ጾም» ብለሽ በትልቁ ጻፊ፤ የጾም መጥበሻና ማማሰያም ለብቻ ይሁን። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማማሰያ ከሸክላ ሸክላ ሲዘዋወር ነው።

አሁን ወደ ስድቡ። «ምግቡ ዘገየ፣ ቤታችሁ አይረባም» ቁጣ ነው። «አንቺ ደንቆሮ፣ ገረድ» ስድብ ነው። ለስድብ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ዝግ ብሎ፣ ያለ ቁጣ፦ «ጋሼ፣ ምግብዎን አደርሳለሁ፤ ስድቡን ግን ያቁሙልኝ።» በዚህ ላይ ምንም አትጨምሪ። ከደገመው «ኃላፊያችን ያነጋግርዎታል» ብለሽ ሂጂ፤ ከዚያ በኋላ ያን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ይያዘው። አንቺ ሂሳብ ይዘሽ ከተመለስሽ ጠቡ እንደገና ይጀምራል።

ዝም ማለትም ሆነ መሳደብ የማይመከረው ለምን እንደሆነ ሕጉን ብታውቂው ይጠቅምሻል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከነጋዴው ስድብና ዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ አንቺ ብትሳደቢ ቤቱ ይጠየቃል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰውን በስድብ ማዋረድን ያስቀጣል፤ ጉዳዩ የሚታየው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። ደንበኛ መሆን ማንንም ከዚህ አያስመልጥም።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ሚኒ ማርኬት አለኝ። ደንበኛ በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስልኩን ያሳየኛል፤ እኔ ጋ ግን አልገባም። ዕቃውን አልሰጥም ስል «ሌባ ልታደርገኝ ነው?» ብሎ ሰው ይሰበስብብኛል።

መልስ፦ ከደንበኛው ስልክ ላይ አይመኑ። የተቀናበረ ስክሪንሾት፣ የትናንት መልእክት፣ በአንድ አኃዝ ስህተት ወደ ሌላ ሰው የተላከ ገንዘብ፣ ሁሉም እርስዎ ፊት ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚታመነው በእርስዎ ስልክ ላይ ከ127 የገባው መልእክት ወይም በመተግበሪያው የግብይት ዝርዝር ላይ የታየው ነው። ዕቃው ከመታሸጉ በፊት የሚከፈልበትን ቁጥር ወይም ኪውአር ኮድ ካውንተሩ ላይ ይለጥፉ፤ ከሥሩም «ዕቃ የሚሰጠው ክፍያው በኛ ስልክ ሲታይ ነው» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ጽሑፉ ሌቦችን ለማስፈራራት አይደለም። ቀድሞ የተለጠፈ ደንብ ለሁሉም ስለሆነ ማንም በራሱ አይወስደውም፤ ያኔ የተናገሩት ግን ደንበኛውን የጠረጠሩት ይመስላል።

ገንዘቡ ሳይገባ ሲቀር «አልከፈልክም» አይበሉ፤ «ወደኛ ገና አልደረሰም፣ እስቲ አብረን እንየው» ይበሉ። ከዚያ የተላከበትን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የግብይት ቁጥሩንም ከስልኩ ላይ አብራችሁ አንብቡ። ከአራቱ አንዱ ስህተት ከሆነ ራሱ ያየዋል፤ ሰው ፊት ሳይዋረድም «አሃ» ብሎ ይመለሳል። ሁሉም ትክክል ከሆነ ችግሩ የኔትወርክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ዕቃውን በፌስታል አድርገው ስሙን ጽፈው ያስቀምጡለት፤ ሲገባ እንደሚደውሉለት ይንገሩት። የሰፈር ሰው ከሆነና ዋጋው ትንሽ ከሆነ ሰጥተው መዝግቡት፤ በ60 ብር ዳቦ ሰፈር ማጣላት ኪሳራ ነው። አስቀድሞ የማይታወቅ ሰው 3000 ብር ዘይትና ዱቄት ጭኖ «ቸኩያለሁ» ካለ ግን ችኮላው ራሱ ምልክት ነው፤ ቢሰደቡም አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ የሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። በመልስ የማልሰደብበት ቀን የለም።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጠዋት ስትወጣ ዝርዝር ይዘህ ውጣ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉዞዎች የሚያደርስህ ይሁን። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ታሪፉን ተናገር፣ ዝርዝር ከሌለህም ያኔውኑ «መልስ የለኝም» በል፤ የማይመቸው ይወርዳል። ብር ስትቀበል ጮክ ብለህ «ከኋላ መቶ፣ የሁለት ሰው» በል። መልሱ እስኪመለስ መቶዋን ከሌላው አትቀላቅል፤ በሁለት ጣት መካከል ለብቻ ያዛት። «ሃምሳ ነው የሰጠኸኝ»፣ «የለም መቶ ነው» የሚባለው ክርክር በዚህ ያልቃል።

ለሁለት ለማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ብር ሰጥተህ «ተካፈሉ» ማለትን ግን ተው። ጠቡን ከራስህ ወደ እነሱ አዛወርከው እንጂ አልፈታኸውም፤ ሲወርዱ ሁለቱም የሚሰድቡት አንተን ነው። ሂሳብም ከመውረጃው 10 ደቂቃ ቀድመህ ሰብስብ። በመጨረሻው መቶ ሜትር የሚሰበሰብ ሂሳብ የሚቸኩለውን ሁሉ ያስጮኸዋል።

አንድ የማትወደውን ነገር ደግሞ እንንገርህ። ማታ ትርፍ መጫንና መንገዱን አቆራርጦ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ካለ፣ ተሳፋሪው ልክ ነው። ለዚያ የምንመክርህ የንግግር ዘዴ የለንም።

ጥያቄ፦ አሸዋ ሜዳ ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ሲሰክሩ እጄን የሚይዙ፣ ወገቤን የሚነኩ አሉ። ባለቤቱ «ቢዝነስ ነው፣ ሳቂላቸው» ይለኛል።

መልስ፦ አትሳቂ። ይህ ከሥነ ምግባር ማነስ ያለፈ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ተሳስቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪውም የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅና ለደኅንነቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል። «ሳቂላቸው» የዚህ ግዴታ ተቃራኒ ነው።

በተግባር፦ ጠረጴዛውን ከፊት ሆነሽ አስተናግጂ፤ በወንበርና በግድግዳ መካከል፣ መውጫ በሌለበት ጠባብ ቦታ አትግቢ። ትሪውን በሰውየውና በአንቺ መካከል ያዢ። እጁን ሲዘረጋ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለሽ፣ አጠገቡ ያሉት እንዲሰሙ አድርገሽ «እጅዎን ይሰብስቡ» በይ። በሹክሹክታ የተባለ «ተው እንጂ» ለሰካራም ጨዋታ ይመስለዋል። ከተደጋገመ ጠረጴዛውን ወንድ ባልደረባሽ ወይም ባለቤቱ ይረከብ። ከሰካራሙ ጋር አትከራከሪ፤ ከቡድኑ በመጠኑ የጠጣውን ፈልገሽ «ጓደኛችሁን ያዙልኝ» በይው።

መጠጥ የሚቆመው ጠብ ሳይነሳ ነው። ንግግሩ ሲጎተት፣ ድምፁ ከፍ ሲል፣ ብር መቁጠር ሲያቅተው ውሃና የሚበላ ነገር ይቅረብለት፤ ቀጥሎ ሂሳብ። «ሰክረሃል» አይባልም፤ «ሂሳብ እየዘጋን ነው» ይባላል። ባዶ ጠርሙስ ለቆጠራ ሲባል ጠረጴዛ ላይ የሚከማችበት ልማድም አደገኛ ነው፤ ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወረወረው እሱ ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሂሳቡ በየዙሩ ይከፈልና ጠርሙሱ ይነሳ፤ «ይሄን አልጠጣሁም» የሚለው ክርክርም አብሮ ይቀራል።

የነካሽ ሰው ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ስም በደብተር ያዢ። ካስፈራራሽ ወይም ከመታሽ 991 ደውይ፤ የፖሊስ ነፃ መስመር ነው። ማታ ብቻሽን አትውጪ። በእናንተ አካባቢ ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ ስለሚሳሳ፣ የተባረረ ሰካራም ውጭ መንገድ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። ሠራተኞች አብራችሁ ውጡ፣ ወይም ባለቤቱ የሚያውቀውን ባጃጅ ያስጠራ፤ ወጪው የሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ካፌ አለኝ። አስተናጋጄ ከደንበኛ ጋር ተሰዳደበች፤ ሰውየው 380 ብር ሳይከፍል ሄደ። ከደመወዟ ልቁረጥ ወይስ ላሰናብታት?

መልስ፦ እሜቴ፣ ሁለቱንም ከማድረግዎ በፊት አዋጁን ይዩ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። «ከደመወዝሽ ላይ ነው» ብሎ በቃል መቁረጥ አይቻልም። አንቀጽ 27 ደግሞ በሥራ ቦታ ለጠብ ወይም ለአምባጓሮ ተጠያቂ የሆነን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል፤ ግን እንደ ጥፋቱ ክብደት ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለብዎት፤ ጥፋቱን ካወቁ 30 የሥራ ቀን ካለፈም መብቱ ይቀራል። ማን እንደጀመረው ሳያጣሩ ማሰናበት ክስ ያመጣል።

እኛ የምንጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው፦ ጠቡ በምን ተነሳ? በሂሳብ ከሆነ ዋጋ ዝርዝርዎን ይመልከቱ። 200 ብር ተብሎ የተጻፈ ምግብ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 253 ብር ይሆናል። ሁለት ሰው 400 ብር ቆጥሮ ተቀምጦ 506 ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጮኸው ወረቀቱን በያዘችው ልጅ ላይ ነው። ዋጋውን አጠቃለው 253 ብለው ይጻፉ። ሜኑው ዋጋው የበዛ ይመስላል ብለው ይሰጉ ይሆናል፤ ሂሳብ ሲመጣ ከሚደርሰው ጩኸት ግን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ያለ እርስዎ ፈቃድ ምን ማድረግ ይችላሉ? ማኪያቶ ቀዝቅዞ ሲመለስ ለመቀየር እንኳ እርስዎን መፈለግ ካለባቸው፣ ደንበኛው በዚያ መሀል ይፈነዳል። ልክ ያስቀምጡላቸው፦ የተበላሸውን ትኩስ መጠጥ ወዲያው መቀየር፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ምግብ ለስላሳውን ከሂሳብ ማንሳት። የተነሳው ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎ በቦኖ ጀርባ ይያዝ። በሳምንቱ መጨረሻ ቦኖዎቹን ሰብስበው ይዩ። አሥር ጊዜ የተጻፈው «ሽሮ ዘገየ» ከሆነ የሚጎድልዎ ምድጃ ነው፤ አስተናጋጅ መቀየር አይፈታውም።

ልጅቷ ከተሰደበች በኋላ 10 ደቂቃ ውጭ አየር እንድትወስድ ያድርጉ። እጇ እየተንቀጠቀጠ ትኩስ ሻይ ይዛ የምትመለስ አስተናጋጅ ሁለተኛ ጠብ ይዛ ትመጣለች። የሚሳደበውን ሰው ሂሳብ ተቀብሎ የሚሸኘውም እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ነው ባለቤት የሚባለው።

ጥያቄ፦ ጀሞ የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። ሪላክሰር (የጸጉር ማለስለሻ) ተቀብታ «አቃጠላችሁኝ» ብላ ቤቱን በጩኸት ያናወጠች ደንበኛ ነበረች። ገንዘቡን ልመልስ?

መልስ፦ ራስ ቆዳዋ ከቆሰለ ይመልሱ፤ ሐኪም ቤት መሄድም ካለባት ይውሰዷት። ግን ጩኸቱ የመጣው ከክፍያው በፊት ነው። «ያቃጥለኛል» ስትል ሠራተኛዋ «ትንሽ ታገሺ፣ ገና አልያዘም» ብላት ይሆናል፤ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ማቃጠል በጀመረበት ቅጽበት ይታጠባል፤ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ባይለሰልስም። ወደ መታጠቢያው ማምጣትዎ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መድኃኒቱ ይወጣል፣ ከሌሎቹ ደንበኞችም ትለያለች። ብዙ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ከሪላክሰሩ ጋር የሚመጣው ማርከሻ ሻምፑ። ማብራሪያውንና ይቅርታውን እያጠቡ ይንገሯት።

ከመቀባት በፊት ሁልጊዜ ይጠይቁ፦ ዛሬ ወይም ትናንት ታጥባለች? ራሷን አክካ ወይም ሹሩባ ፈትታ ቆዳው ተልጧል? ባለፈው ከተቀባች 8 ሳምንት አልሞላም? ጸጉሯ ቀለም አለው? ከእነዚህ አንዱ ካለ በሌላ ቀን ይቅጠሯት፤ ብትቆጣም የዛሬው ቁጣ ከነገው ይቀላል። በጸጉሩ መስመርና በጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ሰዓቱን በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው አያሳልፉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ቧንቧውን አምነው ሪላክሰር አይጀምሩ። ለአንድ ደንበኛ ቢያንስ አንድ ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን ተቀድቶ፣ ማሞቂያውም መብራት ሳይጠፋ ሞቆ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ ይቀመጥ።